ሐሰት የእግዚአብሔር ጠበቃ አይሆንም

«ሳይንስ ፈጣሪ አለ ይላል ወይስ የለም ይላል?» ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት ባሉ የወጣቶች ህብረቶቻችን ውስጥ ይህ ጥያቄ ሳይነሳ የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚጠይቁት ደግሞ ለመከራከር ብቻ የመጡ አይደሉም። አንዱ የምህንድስና ተማሪ ነው፤ አንዷ ሐኪም ለመሆን ሁለት ዓመት የቀራት ናት፤ ሌላው ከቤተ ክርስቲያን ርቆ ከርሞ በጓደኛ ግብዣ ተመልሶ የመጣ ነው። እንዲህ ላሉ ሰዎች በችኮላ መመለስ በነፍስ መቀለድ ነው።

የችኮላ መልሶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከውጭ የሚመጣው ነው፦ «ሳይንስ ሁሉን ስላብራራ እግዚአብሔር አያስፈልግም» ይላል። ሁለተኛው ግን ከእኛው መድረክ የሚሰማ ነው፦ «ሳይንቲስቶች መጽሐፍ ቅዱስን አረጋግጠዋል፤ ከእንግዲህ የሚጠይቅ ካለ ልቡ የደነደነ ነው።» እኛ ሁለቱንም እንቃወማለን። የምናምነው ይህን ነው፦ ፍጥረት ስለ ፈጣሪው ይመሰክራል። ሳይንስ ይህን ፍጥረት በጥንቃቄ የማንበቢያ አንድ መንገድ ነው። ነገር ግን ሳይንስ ወንጌላዊ አይደለም፤ በሳይንስ ስም የሚሠራጭ የሐሰት ወሬ ደግሞ ሳይንስም ወንጌልም አይደለም።

ከመጀመሪያው መልስ እንጀምር። በደርግ ዘመን ተማሪ የነበርን ሁሉ ይህን መልስ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። የፖለቲካ ትምህርቱ «ሳይንሳዊ» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። ቁስ አካል ዘላለማዊ ነው፣ ፈጣሪ የለውም፣ ሃይማኖትም ሳይንስ ሲስፋፋ የሚጠፋ ጨለማ ነው ተብለን ተምረናል። ትምህርቱ በክርክር ብቻ አላበቃም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያንም ተዘጋች። አማኞች በየሳሎኑ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ግን በአፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያ ቆሞ የነበረው የሌኒን ሐውልት ወረደ። ይጠፋል የተባለው እምነት ዛሬ በምሥራቅ አዲስ አበባ አዳራሾችን ሞልቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ እንለይ። የወደቀው ሳይንስ አይደለም፤ የሳይንስን ካባ ለብሶ የመጣ ርዕዮተ ዓለም ነው። እንዲያውም ያ ትምህርት በሳይንሱ በኩልም ኋላ ቀር ነበር። የቤልጂግ ተወላጅ የሆኑት ቄስና የፊዚክስ ሊቅ ጆርጅ ሌሜትር በ1927 እ.ኤ.አ. ጽንፈ ዓለም እየተስፋፋ መሆኑን በስሌት አሳይተው ነበር። ኤድዊን ሀብል በ1929 እ.ኤ.አ. ጋላክሲዎች ከእኛ በራቁ ቁጥር የሚሸሹበት ፍጥነት እንደሚጨምር የሚያሳይ ልኬት አወጡ። በ1964 እ.ኤ.አ. ደግሞ አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከአንቴናቸው የማይጠፋ ድምፅ አስቸገራቸው። የእርግብ ኩስ መስሏቸው አንቴናውን አጸዱ፤ ድምፁ ግን አልጠፋም። ከጥንታዊው ጽንፈ ዓለም የቀረ ጨረር ነበር፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ለዚህ ግኝታቸው የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ሳይንቲስቶች ይህ መስፋፋት የጀመረው ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው ይላሉ። እንግዲህ እኛ በክፍል ውስጥ «ዓለም መጀመሪያ የለውም» የሚለውን ስንሸመድድ፣ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ስለ መጀመሪያው ማውራት ከጀመሩ ዓመታት አልፈው ነበር።

ይህን የሚሰማ አማኝ «እንግዲያው ተረጋገጠ!» ብሎ ሊዘል ይችላል። በ1951 እ.ኤ.አ. የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ንግግር አድርገው ነበር። በንግግሩ ያልተደሰቱት ግን ማን ነበሩ? የሐሳቡ አባት የሆኑት ቄስ ሌሜትር ራሳቸው ናቸው። ሌሜትር በፈጣሪ ያምኑ ነበር፤ ቅዳሴ የሚቀድሱ ካህን ነበሩ። ሆኖም የፊዚክስ ቀመራቸው የሃይማኖት ማስረጃ ተደርጎ እንዲቀርብ አልፈለጉም። ምክንያቱም ቀመር ነገ ሊሻሻል ይችላል፤ እምነቱን በቀመር ላይ ያንጠለጠለ ሰውም ቀመሩ ሲሻሻል አብሮ ይወድቃል። እኛም ከዚህ የተለየ ምክር የለንም። ጽንፈ ዓለም መጀመሪያ ያለው ሆኖ መታየቱ ከዘፍጥረት የመጀመሪያ ቃል ጋር የሚስማማ፣ የሚያስደስተንም ነገር ነው። ነገር ግን «መጀመሪያ አለ» ማለትና «አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ ፈጠረ» ማለት አንድ አይደለም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ መንገድ አለ፤ መንገዱ ግን በቴሌስኮፕ ብቻ አይጨረስም።

አሁን ወደ ሁለተኛው መልስ እንምጣ፤ ይበልጥ የሚያሳዝነን ይህ ነውና። በየስልካችን የሚዞሩ ታሪኮች አሉ። «የናሳ ኮምፒውተር በኢያሱ ዘመን ፀሐይ የቆመችበትን የጎደለ ቀን አገኘ» የሚለው አንዱ ነው። ናሳ የተመሠረተው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። የጎደለው ቀን በስሌት ተገኘ የሚለው ወሬ ግን ቶተን የተባሉ አሜሪካዊ በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ያኔ ናሳም ኮምፒውተርም አልነበረም። ሁለተኛው «ዳርዊን በሞት አልጋው ላይ ንስሐ ገባ» የሚለው ነው። ዳርዊን የሞተው በ1882 እ.ኤ.አ. ነው፤ ታሪኩ በአሜሪካ ጋዜጣ የታተመው በ1915 ነው፤ በሞቱ ጊዜ አጠገቡ የነበረችው ልጁ ሄንሪዬታ ደግሞ በ1922 ሐሰት መሆኑን በጽሑፍ መስክራለች። በሌላው ወገንም ሐሰት አለ፦ ዩሪ ጋጋሪን በ1961 እ.ኤ.አ. ወደ ህዋ ወጥቶ «እግዚአብሔርን አላየሁም» አለ ይባላል፤ በበረራው የንግግር ቅጂ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ቃል የለም። ይህን ሐሰት ሲነግሩን «ዋሹ» የምንል ከሆነ፣ የእኛውን ወገን ሐሰት በምን አፋችን እንሰብካለን?

«ታዲያ ምን ጎዳ? ሰው ወደ ጌታ ከመጣ» የሚሉ አሉ። ጉዳቱን እንንገራችሁ። በዚህ ታሪክ እያጨበጨበ ያደገ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። በመኝታ ክፍሉ ታሪኩን ሲያወራ ጓደኛው ስልኩን አውጥቶ በሁለት ደቂቃ ሐሰትነቱን ያሳየዋል። ልጁ የሚያፍረው በናሳ አይደለም፤ ታሪኩን በነገረው አገልጋይ ነው። ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄም ይታወቃል፦ «በዚህ ከዋሹኝ፣ በትንሣኤውስ እንዳልዋሹኝ በምን አውቃለሁ?» የበጎችን እረኝነት የተቀበለ ሰው በዚህ ጥያቄ ፊት እንቅልፍ ሊወስደው አይገባም። ኢዮብ በምዕራፍ 13 ላይ ወዳጆቹን የገሠጸው ለእግዚአብሔር የተሟገቱ መስሏቸው እውነት ያልሆነ ነገር በመናገራቸው ነው። በመጽሐፉ መጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነዚያ «ጠበቆቹ» ላይ ነው። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ «ለወንጌል ካልሆነ በቀር» የሚል አባሪ የለውም። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሲነጋ በሐሰቱ በኩል ቆመን ባንገኝ ይሻላል።

የድንቅነሽም ነገር እንዲሁ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሀዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሆናት ይነገራል። «ነጮች የፈበረኩት አጥንት ነው» የሚል ስብከት ሰምተናል። ወገኖች፣ ይህ ስብከት የገዛ ወንድሞቻችንን ስም ያጠፋል። በዲኪካ በ1993 ዓ.ም. የተገኘችውን የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን፣ ሰላምን፣ ያገኘው ቡድን መሪ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ናቸው። ከድንጋዩ ውስጥ በጥቃቅን መሣሪያ ፈልቅቀው ለማውጣት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ዕድሜው የሚለካው ደግሞ በግምት ሳይሆን፣ አጥንቱ ከተገኘበት ንብርብር በላይና በታች ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለውን አርገን በመለካት ነው። አጥንቶቹ አሉ። በአጥንቶቹ ትርጉምና በምድር ዕድሜ ላይ ጌታን የሚወዱ አማኞች የተለያየ አቋም አላቸው፤ በጥናትና በፍቅር ልንወያይበት ይገባል። ነገር ግን አጥንት ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ አለ፦ ሰው ለምን አለ? ክብሩን የሰጠው ማን ነው? ድሀውን ሰው መግፋት ለምን ኃጢአት ሆነ? እነዚህን መልሶች በሙዚየም መስታወት ውስጥ የሚፈልግ ሰው አድራሻ ተሳስቷል።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ እግዚአብሔርን ሳይንስ ባላወቀው ክፍተት ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ። ታላቁ ኒውተን የፕላኔቶች ጉዞ ቀስ በቀስ ስለሚዛባ ፈጣሪ ማስተካከል ያስፈልገዋል ብለው ያስቡ ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ላፕላስ ያንን መዛባት በሒሳብ አብራሩት። በክፍተቱ ውስጥ እግዚአብሔርን ያስቀመጠ ሰው ክፍተቱ ሲሞላ አምላኩ የጠፋ ይመስለዋል። የመጽሐፍ ቅዱስ አምላክ ግን እንዲህ አይደለም። የክረምት ዝናብ እርጥበት አዘል ነፋስ ከውቅያኖስ አምጥቶት እንደሚዘንብ እናውቃለን፤ የአየር ትንበያውንም እንሰማለን። ገበሬው ዝናቡን ሲያይ «ተመስገን» ማለቱን ግን አላቆመም፤ ማቆምም የለበትም። ከቦሌ አንድ አውሮፕላን ወደ ጅማ ተነሳ እንበል። ለምን ተነሳ? «ሞተሩ ገፍቶት፣ አየሩ ክንፉን አንሥቶት» የሚለው ትክክል ነው። «አብራሪው ተሳፋሪዎቹን ጅማ ሊያደርስ» የሚለውም ትክክል ነው። የሞተሩን አሠራር ማወቅ አብራሪውን አያስቀረውም።

ታዲያ ሳይንስ ምንም አይጠቅመንም ማለታችን ነው? በጭራሽ! ፍሬድ ሆይል የተባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ አማኝ አልነበሩም፤ ጽንፈ ዓለም መጀመሪያ አለው የሚለውንም ሐሳብ ይቃወሙ ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. ግን ሕይወት የቆመበት ካርቦን በከዋክብት ውስጥ እንዲሠራ፣ የካርቦን ኒውክሊየስ አንድ የተወሰነ የኃይል ደረጃ ሊኖረው እንደሚገባ ተነበዩ። ሲለካም ተገኘ። ነገሩ በጣም ስለደነቃቸው ከዓመታት በኋላ አንድ ታላቅ አእምሮ በፊዚክስ ሕግጋት ውስጥ እጁን ያስገባ እንደሚመስል ጽፈዋል። በሰውነታችን ሴል ውስጥ ያለው የዘር መልእክት በአራት ፊደላት የተጻፈ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል ነው። ንባቡ በ2003 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ ሲባል ፕሮጀክቱን የመሩት ዶክተር ፍራንሲስ ኮሊንስ ከእግዚአብሔር የለሽነት ወደ ክርስቶስ የመጡ ሰው ናቸው። በዝግመተ ለውጥ ላይ ያላቸውን አቋም ብዙ አገልጋዮቻችን አይቀበሉትም፤ ይሁን እንጂ ከጥናታቸው ጠረጴዛ ሲነሡ ለጸሎት መንበርከካቸው «የተማረ ሰው አያምንም» የሚለውን አባባል ያፈርሰዋል።

ልብ በሉ፦ ሆይልም ኮሊንስም ፍጥረትን በቅርብ አይተዋል። አንዱ ተደንቆ ቀረ፤ ሌላው ተንበረከከ። ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 1 የሚያስተምረን ይህንኑ ነው፤ ፍጥረት የፈጣሪን ኃይል ያሳያል፣ ሰው ግን አይቶም ላያመሰግን ይችላል። ስለዚህ የማስረጃ ማነስ ብቻ አይደለም ችግራችን፤ የልብም ጉዳይ ነው። ሰማያት ክብሩን ይናገራሉ፤ ስለ መስቀሉ ግን አይነግሩንም። ኃጢአታችን እንዴት እንደሚሰረይ ከእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሆኖ ማየት አይቻልም። ያንን የነገረን በሥጋ የመጣው፣ የሞተውና የተነሣው ጌታ ኢየሱስ ነው።

እንግዲህ የምንለምነው ይህን ነው። አገልጋዮች ሆይ፣ ምንጩን ያላያችሁትን ታሪክ ከመድረክ አትናገሩ፤ በጉባኤያችሁ ውስጥ ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ የፊዚክስ መምህሯ አሉ፤ ጠይቋቸው። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲጠይቅ «ሰይጣን ነው እንዲህ የሚያስጠይቅህ» አትበሉት፤ ቶማስ ሲጠይቅ ጌታ ቁስሉን አሳየው እንጂ አላባረረውም። ተማሪዎች ሆይ፣ ሳይንስን በርትታችሁ ተማሩ፤ የምታጠኑት የአባታችሁን ሥራ ነው። ገና በፍለጋ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችንም፣ በሐሰት ታሪክ ልናሸንፋችሁ አንፈልግም። ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ሰማዩንም፣ አጥንቱንም፣ ሴሉንም አብረን እንመልከት፤ ከዚያ ደግሞ ወንጌላትን ከፍተን ክርስቶስን አብረን እናንብብ።

እውነት የሆነው ጌታ በእውነት ያጽናን። ጸጋው ይብዛላችሁ።