ሮብ ዕለት የመጣው እንግዳ

ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ሮብ ነበር፤ ኅዳር ጽዮን። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ላለችው ለሮብ ገበያ ስሟን የሰጣት ቀን ሮብ ነው። በዚያ ዕለት ኦፕንኤአይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለጠየቁት ሁሉ ጽፎ የሚመልሰውን ቻትጂፒቲን ለሕዝብ ለቀቀ። ሮብ ገበያ አልሰማችም። እኛ የዩኒቨርሲቲ መምህራንም ብንሆን ጆሯችን ሌላ ጋ ነበር፤ ከአምስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 26፣ በየዩኒቨርሲቲው በደመወዝ ጥያቄ ሥራ ማቆም ተጀመረ። ከወር ወር መድረስ የጨነቀው ሰው ስለ ማሽን ምን አስጨነቀው?

እንግዳው ግን ሳይጠራ ገባ። እኔ ያወቅሁት በተማሪዎቼ እንግሊዝኛ ነው። ስለ ደጋው አፈር አሲዳማነትና አሲዱን ስለሚያበርደው ኖራ ጽፋችሁ አምጡ ብዬ ነበር። የመጣልኝ ወረቀት ሁሉ እንከን የሌለው፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጅ። አንዱ የጠቀሰው ጥናት ማርኮኝ ፈለግሁት፤ መጽሔቱ አለ፣ ጥናቱ የለም። ልቆጣው ጠራሁት። «መምህር፣ እንግሊዝኛዬ ያሳፍረኛል» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ማታ ጥያቄዬን መልሼ አየሁት። ሮብ ገበያ ያለችበትን ስናን ወረዳን ረግጦ የማያውቅ ሰው ከየትም ገልብጦ ሊመልሰው ይችላል። ያን ጥያቄ ለዓመታት ሳልለውጥ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማሽኑ ካጋለጠን ሁለታችንንም ነው።

እኛን መምህራንን የሚያቃና ሥልጠና የለም አይባልም። ኤችዲፒ የምንለው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም በ1996 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር መምህሩ የራሱን አስተማሪነት እንዲመረምር የታሰበ ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ለምዘና የሚቀርበውን ፖርትፎሊዮ ሲዋዋሱ ያላየ መምህር ካለ ግን እጁን ያውጣ። አሁን ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሻያሾኔ ከተባለው ድርጅት ጋር የያዘው የኢ-ለርኒንግ ፕሮግራም አለ። ዕቅዱ 50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችንና 35 ሺህ መምህራንን ይመለከታል። መምህሩ በኢንተርኔት ማስተማርን ራሱ በኢንተርኔት ተምሮ እንዲያልፍ መደረጉን እወደዋለሁ፤ ተማሪ መሆን ምን እንደሚመስል ለረሳን ሰዎች መድኃኒት ነው። (ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ይህ መድኃኒት የት ይገኝ እንደነበር ለአንባቢ ልተወው።)

የሚያንገበግበኝ ስለ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሚሰጠው የሁለትና የሦስት ቀን ሥልጠና ነው። አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ሻይ፣ ሰርተፊኬት። ይህን ተጫኑ፣ ትእዛዙን እንዲህ ጻፉ፣ ፈተና በአምስት ደቂቃ አውጡ። ሠልጣኙ ከአዳራሹ ሲወጣ ያወቀው መጫን ነው። ይህን ፊልም እኮ አይተነዋል። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይወርድ ነበር፤ መምህሩ መግቢያውና መውጫው ላይ ጥቂት ደቂቃ ተተወችለት። ተማሪው ሳይገባው ፕላዝማው ያልፋል፤ «ቆይ፣ ድገምልኝ» የሚባል ነገር የለም። ዕቃው መጥፎ ስለነበር አይደለም። የሚያስተምረውን ሰው ማን ጠየቀው?

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 ለመምህራን ባወጣው የኤአይ ብቃት ማዕቀፍ 15 ብቃቶችን ሲዘረዝር በመጀመሪያ ያስቀመጠው ሰውን ማእከል ማድረግን ነው። የመሣሪያው አጠቃቀም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለጎጃም ሰው ግን ይህ ከዩኔስኮ መቀመጫ ከፓሪስ መምጣት አልነበረበትም። ከቅኔ ቤት ይገኛል። ተማሪው ለብቻው ጫካ ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ቆጥሮ ያመጣውን መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ መምህሩ እዚያው ያቃናል፣ ምሥጢሩን ይጠይቃል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የተዋሰ ቢኖር ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይያዛል። መምህር ሊሆን የሚሻው ደግሞ አንድ ቤት አይበቃውም። የጎንጁን የጨረሰ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ዋድላ ይሻገራል፤ ሌላ መምህር ፊት እንደገና ተማሪ ሆኖ ይቀመጣል። የመምህራን ሥልጠና ብዬ የማውቀው ይህን ነው። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ወረቀት የለውም።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው፦ ወደ አዳራሹ ኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን የራሳችንን ያለፈ ዓመት ፈተና ይዘን እንግባ። ማሽኑ በፊታችን ይመልሰው። አንድ ጥያቄ ላይ ስንት ነጥብ እንዳገኘ አብረን እናርም፤ ያፍር የሚያፍር። ከዚያ ጥያቄውን እንቅደደውና ባልደረቦቻችን እያዩ ሌላ እንጻፍ። ኤአይ መከልከል አለበት ለሚሉት ደግሞ፣ በእንግሊዝኛ ተምሮ በአማርኛ የሚያስበውን ያንን ልጅ አስታውሱልኝ። ቋንቋውን ያቅናለት፤ ሐሳቡን ግን ከአፉ ልስማው።

መስማት ጊዜ ይበላል። 70 ተማሪ ላለው ክፍል አሥር አሥር ደቂቃ ብትሰጥ 700 ደቂቃ፣ ወደ 12 ሰዓት ነው። ለአንድ የቤት ሥራ። ይህ ሰዓት በሥራ ጫና ቅጽ ላይ የት ይሞላል? የሥልጠና በጀት ሲያዝ ይህን የሚያነሣ ሰው አላጋጠመኝም፤ ሳይነሣ ደግሞ ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ጥያቄውም የድሮው ሆኖ ይቀጥላል።

ባለፈው መንፈቅ የኖራውን የቤት ሥራ ለወጥሁት። ሮብ ቀን ሮብ ገበያ ሂዱ፣ ሁለት ገበሬ አነጋግሩ፣ በፈለጋችሁት መሣሪያ ጻፉ፣ መጥታችሁ ንገሩኝ አልኩ። አንዷ ተማሪ የተዋበ እንግሊዝኛ ይዛ መጣች። «እሺ፣ ገበሬው ኖራ ለምን አልበተነም?» አልኳት። ወረቀቱን አጠፈችው። ለአንድ ማሳ የሚጠየቀው ኩንታል ብዛት፣ ከመኪና መንገድ እስከ ማሳው ያለው ዳገት፣ የአህያው ኪራይ፣ ኖራው የመጣበት ወር፤ ሁሉንም በአማርኛ፣ እጇን እያወናጨፈች። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀባት። በር ላይ ሌሎች ቆመዋል፤ ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል፣ የጥበቃው ሰው ቁልፉን እያቃጨለ ነው።

ዘጮቄ