እሳት ማንደድም የእርሻ ሥራ ነው

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወደ አንድ ገበሬ ቤት ሲሄድ ማሳውን ይጎበኛል፤ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ይጠይቃል፤ ጎተራውንም ያያል። ወደ ማድ ቤት ግን አይዘልቅም። እሳት «የሴቶች ጉዳይ» ነው ተብሎ ለቤት አያያዝ ባለሙያ ይተዋል፤ በወረዳው እንዲህ ያለች ባለሙያ ከሌለች ደግሞ ጉዳዩ የማንም ሳይሆን ይቀራል። በእኔ አስተያየት ይህ አሠራር ትክክል አይደለም። ምድጃው የሚበላው እንጨትና ኩበት ከእርሻው የወጣ ነው። ከምድጃው የሚዛቀው አመድ ወደ እርሻው የሚመለስ ነው። ከምድጃው ያመለጠ ፍምም የዓመቱን አዝመራ በአንድ ሌሊት ሊያወድመው ይችላል። ስለዚህ እሳትን በደኅና የማንደድ ትምህርት ከመስመር ዘር ትምህርት ጎን ሊቆም ይገባዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከክብሪቱ ሳይሆን ከእንጨቱ ነው። በደጋው አገር ብዙው ማገዶ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። ከእንዲህ ያለው እንጨት አንድ ኪሎ ብናነድ፣ ግማሽ ኪሎው ደረቅ አካል ከሚሰጠው 9 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ውስጥ 1.3 ሜጋ ጁል የሚሆነው ውኃውን ለማትነን ብቻ ይጠፋል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። እሳቱ ስለሚቀዘቅዝ ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጭስ ማለት ያልተቃጠለ ማገዶ ማለት ነው፤ ይህንን አንድ ነገር ብቻ ለገበሬው ቤተሰብ ማስረዳት ቢቻል ሌላው ትምህርት ሁሉ በቀላሉ ይከተላል።

አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። እንጨቱ እርጥብ ሲሆን ባለቤቲቱ ጎንበስ ብላ ደጋግማ እፍ ትላለች፤ ዐይኗ በጭስ ይሞላል፤ የነጠላዋ ጫፍ ወደ ምድጃው ይወርዳል። እሳቱ እምቢ ሲል ላምባ ይፈለጋል። በፍም ላይ የፈሰሰ ላምባ ወዲያው ይተንና ተኑ ባንድ ጊዜ ይቀጣጠላል፤ ነበልባሉም እስከ ዕቃው አፍ ድረስ ተመልሶ ይመጣል። ፌስታል አቀጣጥሎ እሳት ማስያዝም በየቤቱ እየተለመደ ነው። የሚቀልጠው ፌስታል ከቆዳ ጋር ይጣበቃል፤ ጭሱም መርዝ ነው። ሁለቱንም መከልከል ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ደረቅ እንጨት ለሌላት ሴት «ላምባ አትጠቀሚ» ብሎ መሄድ ምክር አይባልም።

እንጨቱን ማድረቅ ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው ጊዜን ብቻ ነው። ክረምቱ እንደ ወጣ በጥቅምትና በኅዳር መቁረጥ፣ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጠነክር ገና እርጥብ ሳለ መፍለጥ፣ ፍልጡንም ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ነፋስ በመካከሉ እንዲያልፍ አድርጎ መደርደር ነው። ከላይ ብቻ ይሸፈናል፤ ጎኑ ክፍት ይሁን። በዚህ ዓይነት የተያዘ ፍልጥ ለሚቀጥለው ክረምት ይደርሳል። መድረሱን ለማወቅ ሁለት ፍልጥ ማጋጨት ይበቃል፤ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል። የፍልጡ ጫፍ መሰንጠቅም ምልክት ነው። የቁልቋልን እንጨት ግን ከማገዶ መለየት ያስፈልጋል፤ ወተቱ ዐይን ይጎዳል።

አነዳዱን በተመለከተ እናቶች ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ፤ የምንጨምረው ጥቂት ነው። የቆየው አመድ ይጠረግና አየር ከሥር እንዲገባ ሁለት ቀጫጭን ፍልጥ ጎን ለጎን ይቀመጣል። በላዩ ጭራሮ ይነባበራል። ነበልባሉ ከያዘ በኋላ ወፍራሙ ይከተላል። ምድጃውን በእንጨት ማጨቅ አየሩን ስለሚዘጋ ጭስ ያበዛል፤ ጫፍ ጫፉን እያስጠጉ ማንደድ ይሻላል። ነጠላው ወገብ ላይ ይታሰር። ምድጃው ከምሰሶውና ከጭድ ከተቀላቀለበት ግድግዳ ይራቅ፤ ማታ የሚዳፈነው እሳትም ከመኝታው ሣር የራቀ ይሁን።

ከሁሉ በላይ ግን ምድጃው ከመሬት ከፍ ቢል እመርጣለሁ። መሬት ላይ ያለው ሦስት ጉልቻ ለሚድህ ሕፃን ክፍት ጉድጓድ ማለት ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ባለበት ቤት ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። በየገጠሩ በሽታው በመንካት ይተላለፋል የሚል እምነት ስላለ፣ ሰው እሳት ላይ ወድቆ ሳለ ጎረቤት ለማንሣት የሚያመነታበት ጊዜ አለ። በሽታው በመንካት አይተላለፍም። ይህን በገበሬዎች ስብሰባ ላይ በግልጽ መናገር የጤና ባለሙያ ብቻ ሥራ አይደለም። ለተቃጠለ ሰው ቅቤ፣ ሊጥ ወይም ጭቃ አይቀባም፤ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ኬላ መውሰድ ነው።

ስለ ጭስ ማውጫና ስለ መስኮት ስንናገር የሚገጥመን ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም ሞኝነት አይደለም። አንዲት እናት ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የበቆሎ ዛላ እያሳዩ «ልጄ፣ ጭሱን ካስወጣኸው ዘሬን ማን ይጠብቅልኛል?» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ጭስና ሙቀት ነቀዝን ያርቃል፤ የሣር ክዳኑንም ከተባይ ይከላከላል። በአንጻሩ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ጠንቅ ሞተዋል። ስለዚህ ጭሱን ውጣ ከማለታችን በፊት የጭሱን ሥራ የሚሠራ ነገር ማቅረብ የእኛ ግዴታ ነው። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በሚገባ የደረቀ ዘርን ያለ ጭስና ያለ መድኃኒት ከነቀዝ ይጠብቃል። ከረጢቱ አስቀድሞ ይድረስ፤ መስኮቱ ከዚያ በኋላ ይከፈት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መስኮቱ በጨርቅ ይደፈናል።

ከሰል ጭስ ስለሌለው ደኅና ነው የሚለው አሳብ ደግሞ ብዙ ሕይወት የሚያጠፋ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህን በተለይ ለመጋዘን ጥበቃዎቻቸው ሊያስቡበት ይገባል። በብርድ ሌሊት ማንደጃ ይዞ በጠባብ የጥበቃ ቤት በሩን የሚዘጋ ዘበኛ በብዙ ቦታ አለ። ብርድ ልብስና ካፖርት መግዛት ለማኅበሩ ከባድ ወጪ አይደለም።

አሁን ወደ አውድማው እንምጣ። ከኅዳር እስከ ጥር ክምሩ በየደጁ ቆሞ ነፋሱ ሲበረታ፣ ከጎረቤት እሳት ጭሮ በገል ይዞ መሄድና ትኩስ አመድ በጓሮ መድፋት የቆየ ልማድ ነው። በአመድ የተዳፈነ ፍም ከአንድ ቀን በላይ ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል። አመዱ ክዳን ባለው የሸክላ ወይም የብረት ዕቃ ይጠራቀም፤ ውኃ ይርከፈከፍበት፤ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ወደ ማሳ ይውሰድ። በተለይ አፈሩ ኮምጣጣ በሆነበት አገር የእንጨት አመድ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል፤ ፖታሽየምም ይሰጣል። ከዩሪያ ጋር ግን አይቀላቀል፤ ናይትሮጅኑ በአሞንያ መልክ ወደ አየር ይበናል። ኩበትም ሲነድ ናይትሮጅኑና ለአፈር የሚጠቅመው ብስባሽ አብሮ ይነዳል፤ ማዳበሪያ በውድ እየገዛ ኩበት የሚያነድ ገበሬ ከምድጃው ጋር የተጣላው በዚህ ነው።

ማኅበራት ምን ይሥሩ? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጣው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ ወይም ከመሳሰለው ቀላል ድንጋይ በቅርጽ የሚሠራ ሲሆን፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ እሳቱም ዙሪያውን የተከለለ ነው። ማኅበሩ ቅርጹን ገዝቶ ጥቂት ወጣቶች ቢያሠለጥንና ምድጃውን እንደ ማዳበሪያ በብድር ቢያቀርብ፣ ክፍያው ከአዝመራ በኋላ ሊሰበሰብ ይችላል። የባሕር ዛፍ ደን ያላቸው ማኅበራትም እርጥቡን እንጨት ከመሸጥ ይልቅ ፈልጠውና አድርቀው ቢሸጡ ለአባላቱ ይበጃል። በሚዛን የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ዋጋው እንደ ድርቀቱ ይለይ፤ አለዚያ ገዢው የገንዘቡን ግማሽ ለውኃ ይከፍላል።