ልቅሶው አንድ ሲሆን

በኩዌት ከተማ ሰዋብር በሚባለው ሰፈር የኢማም ሳዲቅ መስጊድ ይገኛል። በ2007 ዓ.ም. ሰኔ 19 ቀን ዓርብ፥ ሰዎች ለጸሎት ተሰብስበው ሳለ፥ አንድ አጥፍቶ ጠፊ ቦምብ አፈንድቶ 27 ሰዎች ገደለ፤ ከ200 የሚበልጡትንም አቈሰለ። የላኪዎቹ ምኞት ግልጽ ነበር፤ ይኸውም ሺዓና ሱኒ የተባሉት ወገኖች በቂም ተነሣሥተው እንዲተላለቁ ነው።

ምኞታቸው ግን አልሠመረም። አሚሩ ሼክ ሳባህ አል አሕመድ ደሙ ሳይደርቅ ከስፍራው ደረሱ፤ የሺዓዎቹ ሙታን ልቅሶ በሱኒዎቹ ታላቅ መስጊድ ተደረገ፤ በሚቀጥለውም ዓርብ ሁለቱ ወገኖች በዚያው ባንድነት ጸለዩ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ማለት ኩዌታውያን ጠብ አያውቁም ማለት አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ኅዳር ሰልፈኞች ምክር ቤታቸውን ጥሰው ገብተው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግንቦትም አሚሩ ሼክ ሚሻል ምክር ቤቱን በትነው፥ አንዳንድ የሕገ መንግሥቱን አንቀጾች እስከ አራት ዓመት ለሚደርስ ጊዜ አገዱ። እንግዲህ ባንድነት ማልቀስ ክርክርን አይፈታም፤ ተከራካሪን ዝም ማሰኘትም ዕርቅ አይባልም። ነገር ግን የሌላውን ሙት እንደ ራሱ ሙት ያለቀሰ ሰው፥ ክርክሩ ቢበረታ እንኳ ሰይፍ ለመምዘዝ እጁ ይከብደዋል።

እኛስ? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ሀገራችን በተደረገው ጦርነት፥ ብዙዎቻችን ሙታንን «የኛ» እና «የነሱ» እያልን ለይተን አለቀስን። ልቅሶን የከፈለ ሕዝብ ሀገሩንም ለመክፈል አይቸገርም። ስለዚህ የዕርቅ መጀመሪያ፥ ወገናችን ላልሆነው ሟች ድንኳን ገብቶ መቀመጥ ነው።