ለሜንተሩ ማን ይከፍላል?

የዋሽንግተን ዲሲ ሐበሻ የዩ ስትሪትን አካባቢ አሳምሮ ያውቀዋል። ዘጠነኛው መንገድ ላይ የክትፎው ሽታ ገና ከሩቅ ይጠራል። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ 13ኛው መንገድ ዳገት ላይ፣ ካርዶዞ ትምህርት ቤት ከተማዋን ቁልቁል እያየ ቆሟል። በበሩ ስንት የእኛ ታክሲ ነጂ አልፏል! ዛሬ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በየማስታወቂያቸው የሚያወድሱት፣ ክፍል ውስጥ እየሠሩ ማስተርስና የማስተማር ፈቃድ አንድ ላይ የመያዝ መንገድ ከተጠረገባቸው ቦታዎች አንዱ ግን ይኸው ሕንፃ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1963 ነበር፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው። አባቶቻችን «ፒስ ኮር» ይሏቸው የነበሩት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች የመጀመሪያው ዙር ከአፍሪካና ከእስያ አገሩ ተመልሷል። ብዙዎቹ በሰው አገር አስተምረዋል፤ በገዛ አገራቸው ለማስተማር የሚያስችል ፈቃድ ግን የላቸውም። የካርዶዞ ርዕሰ መምህርት ቤኔታ ዋሽንግተን በራቸውን ከፈቱላቸው። ሰልጣኞቹ በቀን ሁለት ክፍል ያስተምራሉ፤ የካበተ ልምድ ያላቸው መምህራን እያዩ ያርሟቸዋል፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተያያዘ ሴሚናር ይቀመጣሉ። ሲጨርሱ የሃዋርድን ማስተርስና የከተማዋን የማስተማር ፈቃድ ይይዛሉ።

ከእነዚያ መሪ መምህራን አንዱ ከክሊቭላንድ የመጡት የታሪክ መምህር ላሪ ኪዩበን ነበሩ፤ በኋላ ፕሮግራሙን መርተዋል፣ የአርሊንግተን ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊና የስታንፎርድ ፕሮፌሰርም ሆነዋል። እኔን የሚስበኝ ግን የኋላው ማዕረጋቸው አይደለም። በካርዶዞ ሳሉ ጀማሪዎችን መምራት ከማስተማር ሥራቸው በላይ የተጫነባቸው ውለታ ሳይሆን የሥራቸው አካል ነበር። ጊዜ ተመድቦለታል፣ ደመወዝ ተቆርጦለታል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር በሙሉ ከዚህች ነጥብ ይነሳል። ክፍል ውስጥ የሚሰጥ የመምህራን ሥልጠና የሚቆመውም የሚወድቀውም በሜንተሩ፣ ማለትም ጀማሪውን በሚመራው ነባር መምህር ነው። ሜንተሩን ያልመረጠ፣ ጊዜ ያልሰጠው፣ ያልከፈለው ፕሮግራም ማስተርስ ይስጥም ዲፕሎማ፣ የሚሸጠው ወረቀት ነው።

ወረቀቱን ለማቃለል አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ወረዳዎች ማስተርስ ያለው መምህር በደመወዝ እርከን ላይ ከፍ ብሎ ይጀምራል። ኒውዮርክ ውስጥ የመነሻ ፈቃድ የያዘ መምህር ቋሚውን ለማግኘት ማስተርስ መያዝ ግድ ይለዋል። ስለዚህ ዲግሪው እንጀራ ነው፤ እንጀራን ማን ይንቃል? ችግሩ ተመራማሪዎች ማስተርስ ባለውና በሌለው መምህር ተማሪዎች ውጤት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት ለማግኘት መቸገራቸው ነው። ሰሜን ካሮላይና ይህን ይዛ በ2013 ለማስተርስ የሚከፈለውን ተጨማሪ ደመወዝ ለአዲስ ገቢዎች አስቀረች። ያኔ መምህራኑ ተቆጡ፤ እውነታቸውን ነው። የተቆረጠው ገንዘብ ወደ ሜንተር ኪስ አልገባም፤ ዝም ብሎ ተቆረጠ። መረጃውን በትክክል አንብቦ የተሳሳተ ውሳኔ ላይ መድረስ ይቻላል ማለት ነው።

የቦስተን ተሞክሮ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። በ2003 የተጀመረው የቦስተን የመምህራን ሬዚደንሲ ሐሳቡን የተዋሰው ከሐኪሞች ሥልጠና ነው። ሰልጣኙ ዓመቱን ሙሉ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ ከአንድ ነባር መምህር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይውላል፤ በቀረው ጊዜ ኮርሱን ይከታተላል፣ ከማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ቦስተን ማስተርሱን ያገኛል፣ ከዚያም በከተማዋ ትምህርት ቤቶች ሦስት ዓመት የማገልገል ግዴታ ይገባል። እንግዲህ ውጤቱ ተጠንቷል። የሃርቫርድና የሌሎች ተቋማት ተመራማሪዎች በ2011 ያወጡት ጥናት ለደጋፊዎቹ የሚመች ብቻ አልነበረም። ምሩቃኑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሒሳብ ከሌሎች ጀማሪዎች ያነሰ ውጤት ነበራቸው። ነገር ግን ቶሎ ተሻሻሉ፤ በአራተኛና በአምስተኛው ዓመት ነባሮቹን ሳይቀር ማለፍ ጀመሩ። ከሌሎቹ ይልቅም በከተማዋ ማስተማሩን ሳይለቁ ቆዩ።

እኔ ይህን ግኝት የምወደው የማይመች በመሆኑ ነው። ማስታወቂያዎቹ «ከመጀመሪያው ቀን ዝግጁ መምህር» ይላሉ፤ ጥናቱ እንዲያ አይልም። ጀማሪ ጀማሪ ነው። በጥሩ መምህር ሥር ያሳለፈው ዓመት የሰጠው ነገር ዝግጁነት ሳይሆን፣ ስህተቱን የማየት ዓይንና ላለመሸሽ የሚበቃ ጽናት ይመስለኛል። ትምህርት ቤት ሲሸሹት ነው የሚከፋው፤ መምህሩ በየዓመቱ የሚቀያየርበት ክፍል ምን እንደሚሆን ደግሞ ከወላጅ በላይ የሚያውቅ የለም።

ይህ ሁሉ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡም የሚቆረጠው ከዚሁ ነው። የካርዶዞው ሙከራ በ1965ቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ የተቋቋመውን ብሔራዊ የመምህራን ጓድ አነሳስቷል፤ ጓዱ ግን በ1981 ፈረሰ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ለመምህራን ሥልጠና ከተመደበው 600 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ድጎማ መሰረዙን አስታወቀ፤ ከተጎዱት መካከል ሬዚደንሲዎች ነበሩበት። ኮርስ በኢንተርኔት ለሺዎች ሊሰጥ ይችላል። አንድ ሜንተር ግን በአንድ ዓመት አንድ ሰው ነው የሚያወጣው፤ በጀት የሚያየው ሰው ዓይኑ መጀመሪያ እሱ ላይ የሚያርፈውም ለዚህ ነው።

ክፍያው በሰልጣኙ በኩልም ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ የእኛን ሰው በቀጥታ ይነካል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች ረዳት ሆነው የሚሠሩ፣ አገር ቤት ዲግሪ ይዘው ያስተማሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ማስረጃቸውን ማስገምገም፣ ፈተናውን ማለፍ፣ የጎደለውን ኮርስ መውሰድ ይከብዳል እንጂ ይቻላል። የሚያቅተው በተለመደው መንገድ ያለ ደመወዝ የሚሠራው የልምምድ ወራት ነው። ልጅ የሚያሳድግ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ለእናቱ በየወሩ የሚልክ ሰው ወራት በነፃ ሠርቶ እንዴት ይኖራል? ስለዚህ የፓርኪንጉን ሥራ አይለቅም፣ ረዳትነቱንም አይለቅም፤ ፈቃዱ ይቀራል። ቴነሲ በ2022 መምህርነትን በፌደራል መንግሥት ዕውቅና ባለው፣ ደመወዝ በሚከፈልበት የሥራ ላይ ሥልጠና መስመር ውስጥ ስታስገባ የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ለስደተኛው ይህ በር ከየትኛውም ስኮላርሺፕ በላይ ሰፊ ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ ሐሳቡ ባዕድ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹም በዚያ የሚያገለግሉት በማስተማር ነበር። ትልቅ ሐሳብ ነበር፤ ሜንተር ግን አልነበረውም። የሃያ ዓመት ልጅ አንድ ሳጥን ቾክና ስልሳ ተማሪ ይዞ ብቻውን ይጋፈጣል።

ከዚያ በእጅጉ የቆየው የአብነት ትምህርት ቤት ደግሞ ጉዳዩን በሌላ አቅጣጫ ይዞታል። ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመሆን ወደ ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል፤ የዝማሬና መዋስዕት ተማሪ ዙር አባ ይሄዳል። የሚመሰክርለት በየቀኑ ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምረው መምህር ራሱ ነው፤ የሚሰማውም በገዛ ጆሮው ነው። የላቀው ተማሪ ታናናሾቹን ያስተምራል፣ መምህሩም ያየዋል። ይህን ስል ተማሪው ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ የኖረበትን ሕይወት ማንም እንዲመልሰው አልመኝም። ሥልጠናውን የከፈለው የተማሪው ረሃብ ነበር። ግን የመመስከር ሥልጣኑ የት እንደተቀመጠ ልብ ይሏል።

አሁን ያለንን እንይ። በ2011 በተጀመረው መንገድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ለመሆን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በአንድ የትምህርት ዘርፍ ዲግሪ ይይዛል፣ ከዚያ በአንድ ዓመቱ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ፣ በተለምዶ ፒጂዲቲ በምንለው፣ ያልፋል። አወቃቀሩ ሲታይ ከካርዶዞና ከቦስተን ብዙም አይርቅም፤ ዲግሪ፣ ኮርስ፣ የትምህርት ቤት ልምምድ፣ ፈቃድ። ልዩነቱ የሚጀምረው ሰልጣኙ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲደርስ ነው። የሚቀበለው ነባር መምህር ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜው ሞልቶ የተረፈ ነው፤ ሰልጣኝ ሲመጣለት የሚቀነስለት የለም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ክፍሉን ለሰልጣኙ አስረክቦ ወደ መምህራን ክፍል መሄድ፣ ወይም በተረፈችው ሰዓት የግል ጥናት ማስጠናት ነው። በዚህ የሚወቅሰው ሰው ካለ፣ የመምህርን ደመወዝ ይዞ አንድ ወር አዲስ አበባ ይኑርና ከዚያ እንነጋገር። ሰልጣኙም ተመልካች የሌለው መምህር ይሆናል፤ ዩኒቨርሲቲው የሚልከው ሱፐርቫይዘር ብቅ ብሎ ቅጹን ሞልቶ ይሄዳል።

ከዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚሰማው መልስ የኮርሱን ይዘት እናሻሽል፣ የቆይታውን ጊዜ እናርዝም፣ ወደ ማስተርስ እናሳድገው የሚል ነው። ፊንላንድ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የክፍል መምህሮቿን በማስተርስ ታሠለጥናለች እየተባለ ይጠቀሳል። ይጠቀሳል እንጂ የፊንላንድ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የመለማመጃ ትምህርት ቤቶች እንዳሏቸው፣ በእነዚያም የሚያስተምሩት መምህራን ሰልጣኝ መምራት መደበኛ ሥራቸው እንደሆነ ተከትሎ አይነገርም። ማስተርሱን ወስዶ ትምህርት ቤቱን መተው ለእኛ የሚቀለን ዩኒቨርሲቲ መክፈትን ስለለመድን ይሆናል።

እኔ ብጠየቅ፣ ለኮርስ የሚወጣውን ገንዘብ ግማሹን ወደ ትምህርት ቤቱ አሻግረዋለሁ። ሜንተሩ በሳምንት ከሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ ጥቂቱ ይነሳለት፤ ለዚህ ሥራ የተለየ አበል ይከፈለው፤ በደረጃ ዕድገቱ ላይ ይቆጠርለት። ከሁሉም በላይ በሰልጣኙ ፈቃድ ላይ የእሱ ፊርማ ይኑርበት፤ «አልበቃም፣ አንድ ሴሚስተር ይጨምር» ለማለትም ሥልጣን ይኑረው። ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሥልጣን በቀላሉ የሚሰጡ አይመስለኝም፤ በአሜሪካም በቀላሉ አልሰጡም። ሆኖም ሰልጣኙን ዓመት ሙሉ ያየው ሰው ሳይጠየቅ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ያለው ሰው የሚፈርምበት ፈቃድ በምን እንደሚታመን እስካሁን ያስረዳኝ የለም።