ትኬቱን ብረሳው እሱ አልረሳኝም

ለአዲስ ሥራ ባክግራውንድ ቼክ ሲደረግልኝ በስሜ የእስር ማዘዣ ተገኘ። ደነገጥኩ፤ ሰው መትቼ አላውቅ፣ ሰርቄ አላውቅ! ለካ የዛሬ ሁለት ዓመት ቨርጂኒያ ውስጥ በፍጥነት ስነዳ የተሰጠኝ ትኬት ነው። ያኔ «ቅጣቱን እከፍላለሁ» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት፤ ቤት ስቀይር ጭራሽ ረሳሁት።

ወገኖቼ፣ ሁሉም ትኬት በገንዘብ አያልቅም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 20 ማይል አልፎ መንዳት «ሪክለስ ድራይቪንግ» ነው፤ ወንጀል ስለሆነ ፍርድ ቤት ያስቀርባል። ከቀራችሁ ዳኛው ማዘዣ ሊያወጣ ይችላል።

እኛ ጋ «ዝም ካልከው ይረሳል» የሚል ምክር አለ። አትስሙት! ከመፍጠኔ ይልቅ የጎዳኝ መቅረቴ ነው። ማዘዣ ካለባችሁ ጠበቃ ይዛችሁ በራሳችሁ እግር ግቡ፤ መንገድ ላይ ካቴና ከመግባት ይሻላል። ትኬት ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ አውጡና ቀጠሮውን እዩ። ሳይቃጠል በቅጠል!