ሦስት ቀን በባሕር ዳር

ባላገር ከቤቱ የሚርቀው መቼ ነው? ለፍርድ ቤት፣ ለሐኪም ቤት፣ ለለቅሶ ነው። አገር ለማየት ብቻ የሚነሳ ሰው ጥቂት ነው። «ገንዘቡስ? ከብቱስ?» ይባላል። ጥያቄው ትክክል ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ አጭር ጉዞ በእርሳስና በወረቀት እናቅዳለን። የምንሄደው ባሕር ዳር ነው።

ባሕር ዳር ስሟ እንደሚለው በውሃ ዳር ያለች ከተማ ናት። ውሃው ግን ጣና ሐይቅ ነው። ሕዝባችን ትልቅ ሐይቅን ባሕር ማለት ልማዱ ነው። ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ይሰፋል። ዓባይም የሚወጣው ከእሱ ነው።

መጀመሪያ የሚታቀደው ገንዘቡ አይደለም፤ ወሩ ነው። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ። ውሃው 40 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ገደል ይወርዳል። በክረምት ማብቂያ ሲሞላ፣ የሚረጨው ውሃ እንደ ጢስ ይነሳል። ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። በበጋ ግን ሌላ ነው። ዝናብ የለም፤ ውሃውም ለኤሌክትሪክ ይጠለፋል። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የሐይቁ ውሃ በበለስ በኩልም ይሄዳል። በየካቲት ወይም በመጋቢት የሄደ ሰው ቀጭን ውሃና ሰፊ ድንጋይ አይቶ ሊመለስ ይችላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ገበሬ የሚያርፈው እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ በበጋ ነው። ውሃው የሚያምረው ደግሞ እኛ አረም ላይ ጎንበስ ባልንበት ጊዜ ነው። ታዲያ ምን ይሻላል? እኛ የምንመርጠው ከመስቀል በዓል በኋላ ያለውን ሳምንት ነው። ከመስከረም 17 በኋላ በብዙ ቦታ አረሙ ያልቃል፤ ጤፉም ገና አልደረሰም። ወንዙም አልጎደለም። በደጋ ያላችሁ፣ ገብስ ቀድሞ የሚደርስባችሁ፣ ማሳችሁን አይታችሁ ወስኑ።

ይህ ወር አንድ መጥፎ ነገር አለው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ማደሪያ ስትጠይቁ «አጎበር አለ ወይ?» በሉ። ከሌለ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ይታጠፋል፤ አይከብድም።

የመጀመሪያው ቀን ለመድረስና ለማረፍ ነው። ማታ ማታ የዓባይን አዲሱን ድልድይ እዩ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር የተመረቀ ነው፤ 380 ሜትር ይረዝማል። በእግር መሻገሩ ገንዘብ አያስወጣም።

በሁለተኛው ቀን በጀልባ ዘጌ እንሄዳለን። በጠዋት ተነሱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ያነሳል። ከመሳፈራችሁ በፊት «ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለአንድ ሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እዚያው ጻፉት። የሚያንሳፍፈውን ሰደርያም ልበሱ። በመንገድ ላይ ከደንገል የተሠራ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ታያላችሁ።

ዘጌ ለገበሬ ጉድ ነው። አገሩ ሁሉ የቡና ደን ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ በዚያ የተከለከለ ሆኖ ኖሯል። ዛፉም የቆመው ለዚህ ነው። «ያለ በሬ እንዴት ይኖራል?» የሚል ሰው ራሱ ሄዶ የዘጌን ሰው ይጠይቅ።

አሁን ደግሞ ሴቶች ልብ በሉ። በጣና ካሉት ገዳማት ሴት የማያስገቡ አሉ። ክብራን ገብርኤልን ብንወስድ የሚገባው ወንድ ብቻ ነው። በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴትም ወንድም ያስገባል፤ የግድግዳውን ሥዕል አይቶ የሚጠግብ የለም። ይህን ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ባልና ሚስት አብረው ወጪ አውጥተው ሄደው፣ እሷ ጀልባ ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ደስ ይላል እንዴ?

ሙቀቱ ቢያታልላችሁም ሐይቁ ዳር ገብታችሁ አትታጠቡ። በዳርቻው ሣር ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች የሚራባ የቢልሃርዝያ ትል አለ። ትሉ በቆዳ ይገባል።

ሦስተኛው ቀን የፏፏቴው ነው። በአራተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤት።

እንግዲህ ገንዘቡን እንጻፍ። ወረቀቱን በመስመር ለሁለት ክፈሉት። በግራ በኩል «መኪና፣ አልጋ፣ ምግብ፣ ጀልባ» ብላችሁ ጻፉ። በቀኝ በኩል ዋጋውን ጠይቃችሁ ሙሉ። የመመለሻውን ገንዘብ ለብቻ ቋጥሩት፤ አሣው ቢጣፍጥም አትፍቱት።

የመንገዱም ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ውጊያ ከተነሳ ወዲህ መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ቆይቷል። ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ። የማያስኬድ ከሆነ ለሌላ ዓመት ይቆይ። ፏፏቴው የትም አይሄድም።

የቀረው ከብቱ ነው። ጎረቤት ዘንድ ሄዳችሁ «ዘንድሮ እናንተ ጠብቁልን፤ ለከርሞ እኛ የእናንተን እንጠብቃለን» በሉ። የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ቀን በሁለት ወረቀት ጻፉ። አንዱን ለእነሱ ስጡ።