የዓይን ግፊት መውረድ ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም

«ግፊት» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት በሽታ ይጠራበታል፦ አንዱ የደም ግፊት፣ ሌላው ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት ነው። በሁለቱም ላይ ሐኪም ለዓመታት የሚደጋግመው አንድ ነገር ነው፤ ግፊቱ ከፍ ብሏል፣ መውረድ አለበት። ስለዚህ የግላኮማ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በሳምንቱ ተለክቶ «4 ነው» ሲባል፣ እሱም አስታማሚውም እፎይ ይላሉ። 30 የነበረ ቁጥር 4 ከገባ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የጤናማ ዓይን ግፊት በአብዛኛው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከ6 በታች ሲወርድ ሐኪሞች ሃይፖቶኒ ይሉታል፤ ዓይኑ ከሚገባው በላይ ለስልሷል ማለት ነው። ዓይን ቅርጹን ይዞ የሚቆየው በውስጡ ባለው ግፊት ነው። ንፋሱ እንደጎደለ ኳስ ሲሆን የኋላ ግድግዳው ሊሸበሸብ፣ እይታውም ሊዛባ ይችላል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው መውረድ በአብዛኛው ጊዜያዊ ነው፤ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል። ጥቂቱ ግን ክትትል ካጣ የቀረውን ብርሃን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ስለ ግላኮማ ሲወራ የሚነሳው ምርመራው፣ የጠብታው ዋጋና የቀዶ ሕክምናው ወረፋ ነው። ከቀዶ ክፍል ከተወጣ በኋላ ስላሉት ሳምንታት እምብዛም አይወራም። የዓይኑ ዕጣ ግን በአብዛኛው የሚለየው በእነዚያ ሳምንታት ነው። ክትትሉ የቀዶ ሕክምናው ግማሽ ነው፤ ስለዚህ እንደ ግማሽ ሊታቀድ፣ በጀት ሊያዝለትና ለቤተሰብም አስቀድሞ ሊነገር ይገባል።

ግፊቱ ለምን ይወርዳል?

ዓይን በውስጡ ንጹሕ ፈሳሽ ያመነጫል፤ በደቂቃ 2.5 ማይክሮሊትር ገደማ። ከእንባ የተለየ ፈሳሽ ነው። በአንድ በኩል ይመነጫል፣ በሌላ በኩል በረቂቅ ቱቦ ይወጣል። ዓይንን በቤት ጣሪያ ላይ እንዳለ ሮቶ ማሰብ ይቻላል። በግላኮማ የሮቶው መውጫ ይጠባል፤ ውኃው መግባቱን ስለማያቆም ግፊቱ ይጨምራል፣ የዓይን ነርቭም ቀስ በቀስ ይሞታል። የሞተው ነርቭ አይመለስም።

በ1968 እ.ኤ.አ. የካምብሪጁ ሐኪም ኬርንስ ያስተዋወቀው ትራቤኩሌክቶሚ የሚባል ቀዶ ሕክምና ለዚህ ሮቶ አዲስ መውጫ ይከፍታል። ፈሳሹ በላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ወደምትሠራ ትንሽ ከረጢት ይፈስና ከዚያ ወደ ሰውነት ይመጠጣል። የቀዶ ሐኪሙ ፈተና መጠኑ ነው። ሰውነት ማንኛውንም ቁስል መድፈን ይፈልጋል፤ በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ደግሞ ጠባሳው በርትቶ መውጫውን የመዝጋት ዝንባሌ አለው። ይህን ለመከላከል ማይቶማይሲን የሚባል ጠባሳ የሚያዘገይ መድኃኒት ይቀባል። መድኃኒቱ መውጫው እንዳይደፈን ይረዳል፤ በዚያው ልክ ግን ከመጠን በላይ የመፍሰስን ዕድል ይጨምራል። ስለዚህ የግፊት መውረድ ሁልጊዜ የሐኪም ስሕተት ምልክት አይደለም። ከሕክምናው ጋር አብሮ የሚመጣ፣ የሚታወቅና የሚጠበቅ ፈተና ነው።

መንስኤውም አንድ አይደለም። መውጫው ከሚገባው በላይ ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። ስፌቱ ወደ ውጭ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ወይም ዓይኑ ከቁጣው የተነሳ ፈሳሽ ማመንጨቱን ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ሕክምናቸው ይለያያል። አንዱ በሽተኛ የስቴሮይድ ጠብታ ሲቀነስለት ሌላው ሊጨመርለት ይችላል፤ የሁለቱም ቁጥር ግን 4 ነው። ከረጢቷን በማይክሮስኮፕ ያላየ፣ ስፌቱ ማፍሰስ አለማፍሰሱን በቀለም ያልፈተሸ ሰው በስልክ ሊወስን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በሽተኛው ምን ያያል?

እይታው ይለዋወጣል። ጠዋት የደበዘዘው ከሰዓት ይጠራል፣ ማግስቱን ደግሞ ይብሳል። ቀጥ ያለ የበር መቃን ጎብጦ ሊታይ ይችላል፤ ይህ በተለይ በወጣቶችና ሩቅ ማየት በሚቸግራቸው ሰዎች ላይ ያመዝናል። ከሬቲና በስተኋላ ፈሳሽ ሲጠራቀም ከጎን በኩል ጥላ የተጋረደ ይመስላል። ስፌቱ የሚያፈስ ከሆነ ያለ ምክንያት እንባ የሚመስል ውኃ ይወርዳል።

በዚህ ላይ መድኃኒቱም ግር ያሰኛል። ሐኪም ዓይኑን ለማሳረፍ ብዙ ጊዜ አትሮፒን ያዛል። አትሮፒን ብሌንን ያሰፋል፤ የቅርብ ጽሑፍ አያስነብብም፣ ፀሐይ ያስቆጣል። ያልተነገረው ሰው «ይሄ ጠብታ ዓይኔን እያጠፋው ነው» ብሎ ይጥለዋል። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ማብራሪያ ይህን ያስቀር ነበር።

ከሁሉ የከፉት ስሕተቶች የሚፈጸሙት ግን በጠብታ ላይ ነው። የመጀመሪያው፣ በሽተኛው የድሮውን የግፊት ጠብታ ብልቃጥ ይዞ ሰፈር ውስጥ ወዳለ ፋርማሲ ሄዶ ደግሞ ሲገዛ ነው። «የዓይን ግፊት አለብኝ» ይላል፣ ይሸጥለታል፤ ወትሮም የወረደው ግፊት ይብስ ይወርዳል። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። ለተቀደደው ዓይን ጠብታ አቁም ሲባል ላልተቀደደውም ያቆማል። አንዱን ሲያስታምም ሌላው በከፍተኛ ግፊት ይጎዳል። ሐኪሙ «ጠብታ አቁሙ» ሲል የትኛውን ዓይን ማለቱ እንደሆነ በወረቀት ላይ መጻፍ አለበት።

ሦስተኛው የዋህ ስሕተት ነው። የደም ግፊቱ የወረደበት ሰው ጨው ይቀምሳል፣ ለስላሳ ይጠጣል። ዓይኑም «ዝቅተኛ ግፊት» ሲባል ቤተሰብ ያንኑ ያዝዛል። የዓይን ግፊት በጨው አይነሳም። ተጎጂው ምናልባት ሌላ የደም ግፊት በሽታ ካለበት ልቡና ኩላሊቱ ነው።

ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ኑሮ

የሐኪም ምክር አጭር ነው፦ አትጎንበስ፣ ከባድ አታንሳ፣ አታምጥ፣ ዓይንህን አትሽ፣ ሌሊት መከለያውን አድርግ። ለቢሮ ሠራተኛ ቀላል ሊሆን ይችላል። ጀሪካን ለምትቀዳ፣ ምጣድ ሥር ጎንበስ ብላ ጭስ ለምትሞቅ እናት ግን ይህ ዝርዝር የቀኑን ሙሉ ሥራዋን መከልከል ነው። «ትንሽ ዕረፍት አድርጊ» ብቻ ከተባለች እንጀራውን ማን ይጋግራል የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ምክሩ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለባሏና ለልጆቿ ሊነገር ይገባል።

የአምልኮ ጉዳይም በግልጽ መነሳት አለበት። ስግደትም ሱጁድም ግንባርን መሬት ያስነካሉ። የለሰለሰ ዓይን ላለው ሰው እነዚያ ሳምንታት ለዚህ አይመቹም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው የንስሐ አባቱን አማክሮ ስግደቱን ሊያቆይ ይችላል፤ በእስልምናም መስገድ ያቃተው ታማሚ ተቀምጦ በምልክት መስገድ ተፈቅዶለታል። ጠበልም እንዲሁ ነው። እምነቱን መንካት አያስፈልግም፤ ቁስሉ እስኪድን ውኃ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ማስረዳት ግን ግድ ነው። ያልተጣራ ውኃ በሚያፈስ ስፌት በኩል ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። ይህን ሐኪም ሲናገረው ጥላቻ የሚመስለው፣ ቄሱ ወይም ሼኹ ሲናገሩት ምክር ይሆናል። የዓይን ክፍሎች የሃይማኖት አባቶችን ጠርተው ቢያነጋግሩ ከብዙ ፖስተር ይበልጣል።

ወጪውን ማን ይሸከመዋል?

ብዙ ታማሚ ለዚህ ቀዶ ሕክምና ከገጠር ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጅማ ይጓዛል። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ፣ ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ በየሁለት በየሦስት ቀኑ መታየት ያስፈልገዋል። የጤና መድን ካርዱ ለሕክምናው እንጂ ለመናኸሪያ ቲኬትና ለአልጋ ኪራይ አይደለም። አስታማሚውም እርሻውን ወይም ሱቁን ጥሎ ነው የመጣው። ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ብሩ ያልቃል፣ ሦስተኛው ላይ ሰውየው ይቀራል።

ተቀጣሪ የሆነ ሰው ሕግ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ተከታዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ፣ ሦስቱን ደግሞ ያለ ክፍያ የሕመም ፈቃድ ማግኘት ይችላል። ሐኪሙ ማስረጃውን ሲጽፍ «ሦስት ቀን ዕረፍት» ከማለት ዓይኑ የሚፈልገውን ሳምንታት ቢጽፍ ሕጉ ሥራውን ይሠራል። የቀን ሠራተኛው፣ ሹፌሩና ተሸካሚው ግን ይህ ከለላ የላቸውም። ሰባት ቀን እንኳ ሳይሞላቸው ጆንያ ይሸከማሉ።

ሁለት መልሶች ይጠበቃሉ። አንደኛው፣ አልጋ የለም የሚለው ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን የሞራ፣ 5 በመቶ ገደማውን የግላኮማ አድርጎ አግኝቶታል፤ ስለዚህ ውስን አቅም ለሞራ ቢሰጥ ይሻላል የሚል ሰው ምክንያት የለውም አይባልም። ነገር ግን በሞራ የታወረ ዓይን በአብዛኛው ነገም ቢሆን በቀዶ ሕክምና ሊበራ ይችላል፤ በግላኮማ የጠፋው አይበራም። ደግሞም የሚፈለገው የሆስፒታል አልጋ አይደለም። አገሪቱ ለነፍሰ ጡሮች መፍትሔውን ታውቀዋለች፦ ከጤና ጣቢያ አጠገብ የሚሠራ የእናቶች ማቆያ። ከዓይን ሆስፒታል አጠገብ ፍራሽ፣ ንጹሕ ውኃና ወጥ ቤት ያለው ተመሳሳይ ማቆያ ቢኖር ለሦስትና ለአራት ሳምንት መቆየት ይቻላል። በዞን ሆስፒታል ደግሞ ግፊት የሚለካና ስፌት የሚፈትሽ የሠለጠነ የዓይን ባለሙያ ቢኖር፣ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር በስልክ ተነጋግሮ የጉዞውን ግማሽ ያስቀራል።

ሁለተኛው መልስ፣ ይህን ሁሉ ካወራነው ሰው ፈርቶ ቀዶ ሕክምናውን ይተዋል የሚል ነው። እውነታው የተገላቢጦሽ ነው። የግላኮማ ቀዶ ሕክምና እንደ ሞራው በማግስቱ ብርሃን አይሰጥም፤ የተረፈውን ለማትረፍ ነው። ይህ ያልተነገረው ሰው እይታው ለሳምንታት ሲደበዝዝ ተታለልኩ ይላል። ጎረቤትም «ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች» የሚለውን ተረት ይተርትበታል። ወሬው መንደሩን ይዞራል፣ ሌሎች አምስት ሰዎችም ዕድላቸውን ይተዋሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ፣ በብሪታንያ 453 ሥር የሰደደ ግላኮማ ያለባቸውን ሰዎች ያሳተፈ ጥናት ቀዶ ሕክምና ግፊትን ከጠብታ በተሻለ እንደሚያወርድ አሳይቷል። ለዕድሜ ልክ ጠብታ መግዣ ለሌለው ኢትዮጵያዊ ይህ ትልቅ በር ነው። በሩን የሚዘጋው እውነቱን አስቀድሞ መናገር ሳይሆን መደበቅ ነው።

እስከዚያው ድረስ የቤተሰቡ ድርሻ ይቀራል። ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት አራት ነገሮች ተጠይቀው በወረቀት ይያዙ፦ የትኛው ጠብታ ለየትኛው ዓይን? ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው? ሌሊት ችግር ቢመጣ የሚደወለው በየትኛው ቁጥር ነው? የዛሬው ግፊት ስንት ነው? ድንገተኛ ከባድ ሕመም፣ የባሰ መቅላት፣ መግል፣ ከዓይን የሚወርድ ውኃ ወይም በድንገት የጠፋ እይታ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ነው። ደብዘዝ ማለቱ ብቻ ከሆነና ሐኪሙ አይቶ «ይጠበቅ» ካለ ደግሞ መጠበቅ ራሱ ሕክምና ነው።

የጤና ሚኒስቴርም ሆነ ክልሎቹ የግላኮማ ቀዶ ሕክምናን ሲቆጥሩ ስንት ሰው ተቀደደ ብለው ብቻ ሳይሆን፣ ከተቀደዱት ስንቱ በስድስተኛው ሳምንት ተመልሶ ታየ ብለው ይቁጠሩ። ያ ቁጥር ሲጠየቅ ማቆያውም፣ ስልኩም፣ የዞኑ ባለሙያም ይመጣሉ።